ከፈረንጅ አገር የመጣ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ወደኋላ ሲቀር

ቡራዩ ያለችው ጠባብ ሱቄ ከሚመጡት የግድግዳ ሰዓቶች ብዙዎቹ አልተበላሹም። «ልጄ ከጀርመን ያመጣልኝ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀራል» ይሉኛል እናቶች። እጄ የሚደርሰው ግን ሌላ ሰው ከፍቶ በሞተር ዘይት ካጨማለቀው በኋላ ነው። እኔም ሥራ ስጀምር እንዲሁ ተሳስቻለሁ። የጎረቤታችንን ሰዓት ሞላው ደክሟል ብዬ ፈታሁት፤ ሞላው ደህና ነበር። ውጥረቱን ሳላላላ በመክፈቴ ግን ተፈናጥሮ አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ። እናንተ አትክፈቱት፤ ለዚህ ሥራ መፍቻ አያስፈልግም።

ነገሩ ከስበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼር የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወዳለችው ትንሽ የቅኝ ግዛት ከተማ ወደ ካየን ሄደ። ፓሪስ ላይ ልክ የነበረው የሰዓቱ ፔንዱለም (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው፣ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ዘንግ) እዚያ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ስለቀረበት ማሳጠር ግድ ሆነበት። ወደ ምድር ወገብ ሲቀረብ ስበት ይቀንሳል፤ ፔንዱለሙም ይዘገያል። እኛም ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መኖራችንም ትንሽ ይጨምርበታል። የጀርመኑ ሰዓት እዚህ የሚያጎድለው ከሪሼር ሰዓት ጋር የሚቀራረብ ነው።

መጀመሪያ አሰቃቀሉን እዩ። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ሚስማሩን ቋሚው እንጨት ላይ ምቱት፤ ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር በር በተዘጋ ቁጥር ይላላል፣ ሰዓቱም ያዘማል። ከዚያ ቤቱን ጸጥ አድርጉና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። «ቀጭ… ቋ… ቀጭ… ቋ…» እኩል መራመድ አለበት። «ቀጭቋ… ቀጭቋ…» እያለ ካነከሰ የሳጥኑን ግርጌ በጣት ጫፍ ታህል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ግፉ፤ እኩል ሲመታ እዚያው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ቀሪውን ሁሉ በከንቱ ይለፋል።

ቀጥሎ ሞላውን ሙሉ፣ ከስልካችሁ ጋር አስተካክሉና በ24 ሰዓት ስንት እንደቀረ ጻፉ። ፔንዱለሙን አቁማችሁ ዘንጉን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከላይ ያንጠለጠለው ስስ ብረት ከተጠማዘዘ ይሰበራል። በሌላው እጅ ከክብደቱ ሥር ያለችውን ዳዶ አዙራችሁ ክብደቱን ከፍ አድርጉ። ከተንጠለጠለበት እስከ ክብደቱ መሃል 25 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ 1 ሚሊሜትር በቀን 3 ደቂቃ ገደማ ያፋጥነዋል። ፔንዱለሙ ሜትር በሚጠጋው የቁም ሰዓት ላይ ግን ያው 1 ሚሊሜትር 43 ሴኮንድ ብቻ ነው። በግማሽ ዙር እየሄዳችሁ በየጊዜው አንድ ቀን ጠብቁ።

ደወል ካለውና ወደ ሐበሻ ሰዓት መመለስ ከፈለጋችሁ የደቂቃውን ቆጣሪ ወደፊት ብቻ 6 ሰዓት አዙሩ። በየሰዓቱና በየግማሹ ቆማችሁ ደውሎ እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ካቻኮላችሁት ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ጊዜ ይደውላል።

በቀን ከ20 ሴኮንድ በታች ሲሆን እኔ እጄን አነሣለሁ።