የቦክሰር የኋላ አሞርዛተር ልክ መሆኑን በልኬት ማረጋገጥ

የባጃጅ ቦክሰር ሞተር ሳይክሌ ሁለቱ የኋላ አሞርዛተሮች (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝቡት ባለ ሞላ ክፍሎች) ዘይት ማፍሰስ ጀምረው፣ ሰው ሲፈናጠጥ በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው እየተጨመቁ ይመቱ ነበር። «ለቦክሰር ይሆናል» ተብሎ የተሸጠው የመጀመሪያው ተለዋጭ ጥንድ የታችኛው ቀዳዳው ከቡሎኑ ስለጠበበ አልገባም። ሁለተኛው ያለ ችግር ቢገጥምም፣ ጭነት ሲያርፍበት ሞላው የካቴናውን ሽፋን ይፈገፍግ ነበር። ቀዳዳውን ሞርዶ ማስፋትን የሚመክሩ አሉ፤ የኋላውን ጭነት የሚሸከመው ቀዳዳው ያለበት መያዣ ስለሆነ ይህን ማንም እንዳያደርገው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የሠራው መንገድ የቀድሞዎቹን ፈትቶ መለካት ነው። ርዝመቱ የሚለካው አሞርዛተሩ ከሞተሩ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ እንደተዘረጋ፣ ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ነው። መሃሉን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር፣ ቀዳዳዎቹ እኩል ስፋት ካላቸው ከአንዱ የላይ ጠርዝ እስከ ሌላው የላይ ጠርዝ መለካት ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ከዚያም የቀዳዳዎቹን ስፋት፣ የቡሺንጎቹን (በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች) ወርድና የሞላውን የውጭ ስፋት በካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለክቼ፣ ሱቅ ውስጥ ከነዚህ ጋር የተስማማውን ጥንድ መረጥኩ። ርዝመቱ ከበለጠ የሞተሩ ኋላ ከፍ ብሎ የመሪው ጠባይና የካቴናው አቅጣጫ ስለሚለወጡ፣ ይህን ልኬት ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ከመግጠሜ በፊት ሞተሩን በስታንድ አቁሜ፣ የኋላውን ጎማ አዲሱ አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ እስከሚደርስበት ከፍታ በክሪክ አነሳሁት። ጎማው ፓራፋንጎውን አልነካም። ከዚያ ሁለቱንም ገጥሜ ዳዶዎቹን አጠበቅኩ፤ አሁን ሰው ተፈናጥጦም ሞላው ሽፋኑን አይነካም።