ሱፐርቻርጀር ላለው የጀልባ ሞተር ኢንተርኩለር እንዴት ይመረጣል?

ሱፐርቻርጀር አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ኢንተርኩለር ደግሞ በመታመቁ የሞቀውን ያንን አየር በውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው። ኢንተርኩለር ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይችላል?» ብሎ ነው። እኔም ያንኑ ጠይቄ ገዛሁ፤ በአንድ ወቅት ውስጥም ሞተሬን አበላሸሁ። አሁን የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው። ምን ዓይነት ውሃ ነው? ከየት ይገባል? በምን ያህል ግፊት? በየት በኩል ይወጣል? ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዕቃውን ለመምረጥ ብዙም አይቸገርም።

ሙቀቱን ያስሉ

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የገባ አየር፣ ብቃቱ 60 በመቶ በሆነ ሱፐርቻርጀር በ0.55 ባር ግፊት (8 ፒኤስአይ መሆኑ ነው) ሲታመቅ ከ90 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። የጋለ አየር ስስ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ማፈንዳቱ ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ቆይቶም ፒስተን ይቀልጣል። ይኸው አየር ወደ 43 ዲግሪ ቢወርድ በዚያው ግፊት በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ የሚያዘው አየር ክብደት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

700 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 32 ኪሎ ግራም አየር ይወስዳል። ያን አየር በ50 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 27 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከውስጡ መውጣት አለበት። በራዲያተሩ (ውሃው እያለፈ አየሩን በሚያቀዘቅዝበት የኢንተርኩለሩ ክፍል) የሚያልፈው ውሃ በደቂቃ 30 ሊትር ብቻ ከሆነ ውሃው ራሱ በ13 ዲግሪ ይሞቃል፤ 60 ሊትር ከሆነ ግን በ6 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ በሻጩ ወረቀት ላይ የፈረስ ጉልበት ተጽፎ የውሃው መጠን ካልተጻፈ ቁጥሩን አይመኑት።

ለመኪና የተሠራ ኢንተርኩለርንም አልመክርም። መኪና ሙሉ ኃይሉን የሚጠቀመው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ጀልባን ግን ውሃው ያለማቋረጥ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ለሰከንዶች የበቃ ማቀዝቀዣ ለደቂቃዎች አይበቃም።

ቦታውን ይለኩ

ሱፐርቻርጀሩ በሞተሩ አናት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ኢንተርኩለሩ ከሥሩ ይገባል፤ የሞተር ክፍሉ ክዳን እንዲዘጋ ከፍታውን አስቀድመው ይለኩ። በጎን የሚታሰረው ሴንትሪፉጋል ዓይነት ከሆነ ኢንተርኩለሩ በአየር ቱቦ ተገናኝቶ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል። ምርጫ ካለዎት ይህኛው ይሻላል፤ ራዲያተሩ ቢያፈስ እንኳ ውሃው በቀጥታ ሲሊንደር ላይ አይወርድም።

የውሃውን መንገድ ያበጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀላሉ ዘዴ ከሞተሩ የውሃ መስመር ላይ ቆንጥሮ ወደ ኢንተርኩለሩ መላክ ነው። ነገር ግን የዘይት ማቀዝቀዣውን አልፎ የመጣ ውሃ ሞቆ ነው የሚደርሰው፤ አየሩም ከውሃው በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። አንድ መስመር ብቻ ካለዎት ውሃው መጀመሪያ ኢንተርኩለሩን ያግኝ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሂድ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የራሱ መቀበያ፣ የራሱ ማጣሪያ፣ በጀልባው ጎን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚፈስ የራሱ መውጫ ሲኖረው ነው። ውሃው ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ አለበለዚያ አየር ከላይ ይታፈንና ግማሹ ራዲያተር ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ግፊቱ። ወደ ፊት የዞረ የውሃ መቀበያ የጀልባውን ፍጥነት ወደ ግፊት ይለውጠዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ሊደርስ ይችላል። በ100 ኪሎ ሜትር ግን 2 ባር አይደለም፣ ወደ 4 ባር ይጠጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና። ራዲያተሩ ስንት ባር እንደሚችል አምራቹን ይጠይቁ፤ ከመግቢያው በፊትም ትርፉን የሚያስተነፍስ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ያስገቡ። መውጫውን በፍጹም አያጥብቡ። ውሃውን ለማዘግየት ብለው መውጫው ላይ ማጥበቢያ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ግፊት ከማጠራቀም በቀር አንዳች ጥቅም አላገኘሁበትም።

ብረቱን ይምረጡ

የመጀመሪያው ኢንተርኩለሬ ራዲያተር አሉሚኒየም ነበር። ሻጩ ለባሕር ይሆናል ብሎኛል፤ እኔም አምኜ አንድ ሙሉ ወቅት በጨው ውሃ ሠራሁበት። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው ግማሽ ዙር አዞረና ድው ብሎ ቆመ። ባትሪው የደከመ መስሎኝ ደግሜ ሞከርሁ። በዚህ ጊዜ ሌሎቹ ሲሊንደሮች ተኮሱ፤ ብረት በብረት ሲመታ የሚሰማ ድምፅም ተከተለ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሳዞረው ከሦስተኛው ሲሊንደር ውሃ ተፈናጥሮ ፊቴን መታኝ። ከንፈሬን ስልስ ጨው ነው።

ሞተሩ ራሱ የሚቀዘቅዘው ጨው በሌለው ዝግ ውሃ ስለነበረ የተጠረጠሩት ሁለት ናቸው፦ በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዘው የጭስ ማውጫ ወይም ኢንተርኩለሩ። የጭስ ማውጫው ደህና ነበር። ኢንተርኩለሩን ስፈታ በራዲያተሩ ጥግ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል፤ ስጠርገው ከሥሩ በመርፌ የተወጋ የሚያህል ቀዳዳ ታየኝ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጠብታዋ ተንና ከጭሱ ጋር ትወጣ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ግን በራዲያተሩ የቀረው ውሃ ሌሊቱን ጠብ ጠብ እያለ የመግቢያ ቫልቩ ክፍት ወደሆነው ሲሊንደር ወርዷል። ውሃ አይታመቅም፤ የጎበጠው ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው ነው።

ስለዚህ በባሕር ላይ ለሚሄድ ጀልባ 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ኒኬል ከሆነ ቅይጥ የተሠሩ ቱቦዎች ያሉት ራዲያተር ይግዙ። አሉሚኒየምን የምፈቅደው በሐይቅና በወንዝ ላይ ብቻ ለሚሄድ ጀልባ ነው። የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላልና ራሱ እየተበላ ሌላውን የሚያድን የዚንክ ቁራጭ የሚታሰርበት ቦታ መኖሩን ይዩ፤ ግማሹ ሲያልቅም ይቀይሩት።

አዲስም ቢሆን ራዲያተሩን ሳይፈትሹ አይግጠሙት። አንዱን አፍ ይድፈኑ፣ በሌላው አምራቹ ከፈቀደው ግፊት ሳያልፉ አየር ይሙሉ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። አንድ አረፋ እንኳ ካዩ ይመልሱት። እኔ አሁን በየወቅቱ መጀመሪያ ፈትቼ እንዲህ አደርጋለሁ።

ከገጠሙ በኋላ

የግፊት መለኪያው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አይደንግጡ። የቀዘቀዘ አየር ቦታው ያንሳል፤ ግፊቱ ቢቀንስም ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ሊበዛ ይችላል። የወረደችውን ነጥብ ለመመለስ ብለው የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ (ቀበቶው የሚያዞረውን መዘውር) አይቀይሩ። በራዲያተሩ በፊትና በኋላ መለካት ከቻሉ ግን ልዩነቱ ከ0.07 ባር ብዙ እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ከበለጠ የአየር መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ስለሚፈልግ የነዳጁን መጠን ሳያስተካክሉ በሙሉ ኃይል አይሂዱ።

ከራዲያተሩ በኋላ የአየር ሙቀት መለኪያ ያስገቡ። ያለ እሱ የሚያደርጉት ሁሉ ግምት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ገፍተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይያዙ፣ ዓይንዎ ግን ከመለኪያው አይራቅ። ቁጥሩ ከውሃው ሙቀት በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ከረጋ ምርጫዎ ሠርቷል። ቁጥሩ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ነዳጅ መስጫውን ወዲያውኑ ይመልሱ፤ መጀመሪያ ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የቱቦውን ስፋት ይዩ። ከጨው ውሃ በተመለሱ ቁጥር ራዲያተሩን ጨው በሌለው ውሃ ያጥቡት። ጀልባው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን መፍሰሻ ከፍተው ውሃውን አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ ያውጡት፤ ብርድ በበረታበት ቦታ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃቸዋል።