በበረሃ የእግር መንገድ ላይ የማኅተም ሳጥን ፍለጋ (ሌተርቦክሲንግ)፦ ችግርና መፍትሄ

በሌተርቦክሲንግ አንዱ ሳጥን ይደብቃል፣ ሌላው በተጻፈ ፍንጭ እየተመራ ፈልጎ ያገኘዋል። በሳጥኑ ውስጥ በእጅ የተቀረጸ የላስቲክ ማኅተምና መዝገብ አለ። ፈላጊው የራሱን ማኅተም በሳጥኑ መዝገብ ላይ፣ የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ አትሞ ሁሉንም እንደነበረ ይመልሳል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1854 እንግሊዝ አገር ዳርትሙር ላይ ነው፤ ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል የሚባል ቦታ ላይ ጠርሙስ አኑሮ መንገደኞች የስም ካርዳቸውን እንዲተዉበት አደረገ። ዳርትሙር ዝናብና ረግረግ የበዛበት ስለሆነ ስለ ሳጥን የሚሰጠው የተለመደ ምክር በብዛት ስለ ውሃ ነው። በረሃ ላይ ግን ሳጥኑን የሚያበላሹት ፀሐይ፣ ደረቅ አየርና አሸዋ ናቸው፤ ፈላጊውን የሚያሳስቱትም ዳርትሙር ላይ ከሚያሳስቱት ይለያሉ።

ፍንጩ ያደረሰበት ቦታ ላይ ሳጥኑ የለም

ጠፍቷል ከማለት በፊት የራሳችሁን ልኬት ፈትሹ። ሳጥኑ ቦታው ላይ እያለ ፈላጊው ጥቂት ሜትር ርቆ የሚቆፍርበት ጊዜ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ኮምፓሱን። ስልክ፣ ቁልፍ፣ የብረት መሄጃ ዘንግና ማግኔት ያለው የቦርሳ ማያያዣ መርፌውን ይስቡታል። እነዚህን ሁለት ሦስት ሜትር አርቃችሁ እንደገና አንብቡ። በረሃ ላይ የተለመደው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ራሱ ብረት ስላለው መርፌውን ሊያዛባ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከመነሻው ቋጥኝ 120 ዲግሪ አንብባችሁ ከሄዳችሁ፣ መድረሻው ላይ ቆማችሁ ወደ ቋጥኙ ስታነጣጥሩ 300 ማንበብ አለባችሁ። ልዩነቱ 180 ካልሆነ ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ ድንጋዩ መርፌውን እየሳበ ነው፤ ከቋጥኙ አምስት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በዚያው መስመር ላይ ድገሙት።

ቀጥሎ የሰሜን ጉዳይ። ፍንጩ የተጻፈው በካርታ ሰሜን ነው ወይስ በኮምፓስ ሰሜን? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በዓመታትም ይቀየራል። ልዩነቱ 10 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ በሆነበት አካባቢ በካርታ ሰሜን 90 የተባለው ኮምፓስ ላይ 80 ነው። ይህን ሳያስተካክል 100 ሜትር የሄደ ሰው ከሳጥኑ 17 ሜትር ገደማ ጎን ላይ ይቆማል። ደብቃችሁ ፍንጭ የምትጽፉ ሰዎች «በኮምፓስ» ወይም «በካርታ ሰሜን» ብላችሁ ጻፉ፣ ዓመቱንም ጨምሩ። ይህቺ አንድ መስመር የብዙ ሰው ድካም ታድናለች።

ከዚያ እርምጃ። «40 እርምጃ» ማለት በአንድ እግር ሲቆጠር 30 ሜትር ያህል፣ የግራ እግር ባረፈ ቁጥር ብቻ ሲቆጠር ደግሞ 60 ሜትር ያህል ነው። ፍንጩ ካልለየ ሁለቱንም ሞክሩ። እግር የሚሰምጥበት አሸዋ እርምጃን ያሳጥራል፤ በጠንካራ ሜዳ 100 ሜትር በ65 የግራ እግር እርምጃ የሚጨርስ ሰው አሸዋ ላይ 75 ሊቆጥር ይችላል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ዓይነት መሬት ላይ 100 ሜትር ለክታችሁ ቁጥራችሁን ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት።

ምልክቱ ራሱ ሊሄድም ይችላል። የአሸዋ ኮረብታ በነፋስ በየዓመቱ ሜትሮችን ይጓዛል፤ የደረቀ ዛፍ ይወድቃል፤ መንገደኛ የድንጋይ ቁልልን ያፈርሳል ወይም አዲስ ይሠራል። የማይከዳው ምልክት ከመሬቱ ጋር አንድ የሆነ ዐለት ነው።

ልኬቱ ትክክል መስሎ ሲታይ ፍለጋውን በክብ አስፉ። ለ60 ሜትር ርቀት በየአቅጣጫው 11 ሜትር ያህል መፈተሽ የ10 ዲግሪ ስህተትን ይሸፍናል። ዓይናችሁ የድንጋይ ቀለም ላይ ይሁን፦ በብዙ በረሃ ለዘመናት ፀሐይ ላይ የዋለው የድንጋይ ፊት ይጠቁራል፣ መሬት የነካው ግን ፈዘዝ ያለ ነው። ከጠቆሩ ድንጋዮች መካከል አንዱ ፈዛዛ ሆድ ወደ ላይ ካደረገ ሰው ገልብጦታል። ስትመልሱ ጥቁሩን ፊት ወደ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ለማንም ያጋልጠዋል።

ከ30 ደቂቃ በኋላ አቁሙ። በሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ማለዳ ከወጣችሁ መመለሻው ከመሄጃው ይልቅ ስለሚሞቅ ግማሹ ውሃ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ሲሶው ሲያልቅ ተመለሱ።

ማኅተሙ አይታተምም፣ ወይም በከፊል ብቻ ይታተማል

የቀለም ፓዱ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን በደረቅ አየር ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ሳለ ወረቀቱን ሳይነካ መድረቁ ነው። ጥላ ውስጥ ግቡ። ማኅተሙን ፊቱን ወደ ላይ ይዛችሁ ፓዱን በላዩ ላይ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ማኅተሙ ከፓዱ ቢበልጥም እንዲህ ሲደረግ ጥጋ ጥጉ ቀለም ያገኛል። ከማተማችሁ በፊት አፋችሁን ከፍታችሁ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተንፍሱበት። በትንፋሹ ያለው እርጥበት ቀለሙን መልሶ ያረጥበዋል። ወዲያው ተጫኑ፣ ሳታንቀሳቅሱ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ከደብተሩ ሥር የሳጥኑን ክዳን አድርጉ፤ ድንጋይ ላይ ከሆነ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ምስሉ መሃል ነጭ ነጥብ ትተዋለች።

ፓዱ በእርግጥ ከደረቀ፦ ውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለም ከሆነ ግሊሰሪንና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ከ5 እስከ 10 ጠብታ በትኑበት፣ ዝጉት፣ ገልብጣችሁ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ ተዉት። ገልብጦ ማስቀመጥ ቀለሙን ወደ ፊቱ ያመጣዋል። ለመጠባበቂያ ውሃ ላይ የተመሠረተ ማርከር ያዙ፤ በቀጥታ ላስቲኩን ቀብታችሁ ማተም ትችላላችሁ። የማይለቅ ማርከር ግን በሰከንዶች ይደርቃል፣ ላስቲኩንም ያበላሻል።

በረሃ ሳጥን ውስጥ ፓድ መተው አንመክርም። ወይ ይደርቃል፣ ወይ በሙቀት ቀልጦ መዝገቡን ያጠግበዋል። ፈላጊው የራሱን ይያዝ።

ማኅተሙ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቋል

ከነጭ የፕላስቲክ ላጲስ ሲቀረጽ የሚመጣ ነው። ላጲሱን የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር እየወጣ አንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲኮችን ያቀልጣል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። ጥላ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ የጥርስ ክር በሥሩ አሳልፉ። ለወደፊቱ በጥጥ ጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልሉት እንጂ ፕላስቲክ በባዶው እንዳይነካው። እንጨት ላይ የተለጠፈ ማኅተም በሙቀት ሙጫው ከለቀቀ ላስቲኩን ብቻውን መተው ይሻላል፤ በጣት ተጭኖም በደንብ ይታተማል።

ሳጥኑ ተሰነጠቀ፣ ክዳኑም አይገጥምም

ፀሐይ ፕላስቲክን ታደርቃለች፤ መጀመሪያ ነጣ ይላል፣ ከዚያ በጣት ሲጫኑት ይሰበራል። ዚፕ ያለው ከረጢትም እንዲሁ። ሳጥኑ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ጥልቅ የዐለት ሥር ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ አይቶ «ጥላ ነው» ማለት አይበቃም። ብርጭቆ ፈጽሞ አታስቀምጡ፦ ይሰበራል፣ የፀሐይ ብርሃንንም ሰብስቦ ደረቅ ሣር ሊያቃጥል ይችላል።

ክዳኑ ካልገጠመ በጎሚኒው (ክዳኑን በሚያሽገው ላስቲክ) ውስጥ አሸዋ አለ። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ቫዝሊን አትቀቡት፤ አሸዋ ይሰበስባል፣ ላስቲኩንም ያሳብጠዋል።

መዝገቡ ረጥቧል፣ ወይም ገጾቹ እየወደቁ ነው

በበረሃም ይረጥባል። ከዝናብ በኋላ በእርጥብ አየር የተዘጋ ሳጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብታ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። መዝገቡን ጥላ ውስጥ ከፍታችሁ አናፍሱት፣ 5 ግራም የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ከረጢት ጨምሩ፣ በደረቅ ሰዓት ዝጉ። ገጾች የሚወድቁት ጠርዙ በሙጫ የተጣበቀ ደብተር ሲሆን ነው፤ በክር የተሰፋ ምረጡ። ለመጻፊያ እርሳስ ተዉ፣ እስክሪብቶ በሙቀት ቀለም ያንጠባጥባል።

ሳጥኑ በእርግጥ ተወስዷል

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ጥላና መደበቂያ ያለው ስለሚመስል ደባቂን ያታልላል። ዝናቡ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ቢዘንብም ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ቁጥቋጦ ላይ የተሰካ ደረቅ ሣርና እንጨት እንዲሁም በግድግዳው ላይ ያለው የጭቃ መስመር ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያሉ፤ ሳጥኑ ከዚያ በላይ፣ በደንብ በላይ ይሁን።

አይጥ የወሰደው ከሆነ የተቦረቦረ ፕላስቲክ በአቅራቢያው ታገኛላችሁ። የሚጠራት ሽታ ነው፦ ከረሜላ፣ ሽታ ያለው ሳሙና፣ የምግብ ዕቃ የነበረ ሳጥን። ሽታ የሌለው አዲስ ሳጥን ተጠቀሙ፣ ከባድ ድንጋይም ጫኑበት።

እጅ ከመግባቱ በፊት

የዐለት ሥር ጥላ እባብና ጊንጥም ይፈልጉታል። በዘንግ ነካክታችሁ ጠብቁ፣ ድንጋዩን ወደ ራሳችሁ አንሱት፤ ድንጋዩ በእናንተና በጉድጓዱ መካከል ይሆናል። ጊንጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ እንዲህ ያለች ትንሽ የኪስ መብራት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ትጠቅማለች።

ወደ ሳጥኑ የሚወስድ አዲስ ዱካ ተፈጠረ

ብዙ እግር አንድ ቦታ ሲረግጥ የሚሆን ነው። ጠቆር ያለና ጉብ ጉብ ያለ የአፈር ቅርፊት ሳይያኖባክቴሪያና ሊከን የሚባሉ ሕያዋን ፍጥረታት የሠሩት ሕያው ነገር ነው፤ አንድ እርምጃ ይሰብረዋል፣ ለማገገምም ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይወስድበታል። ፍንጩ በዐለት ወይም በወንዝ አሸዋ ላይ ብቻ የሚያስኬድ ካልሆነ ሳጥኑን አንሱትና ቦታ ቀይሩ። መሬቱን የሚያስተዳድረው አካልም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በብዙ ጥብቅ ቦታ ሳጥን መተው ክልክል ነው።

ሳጥኑ ካልተገኘ ለደባቂው «የለም» ብቻ አትጻፉ። ቀኑን፣ ያነበባችሁትን ዲግሪ፣ የቆጠራችሁትን እርምጃ፣ የፈተሻችሁትን ዙሪያ ስፋትና የመነሻውን ምልክት ፎቶ ላኩለት፤ ቦታው ድረስ ሳይሄድ ስህተቱ የማን እንደሆነ መለየት ይችላል።