ጊደርን ለኤግዚቢሽን ማዘጋጀት፦ የሚታዩ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ለኤግዚቢሽን ወይም ለውድድር በምትቀርብ የወተት ጊደር ላይ በመጨረሻው ሳምንት የሚታዩት ጉድለቶች አብዛኞቹ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የጀመሩ በመሆናቸው በሳሙናና በብሩሽ ብቻ አይስተካከሉም። የሚከተለው ማብራሪያ በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ በወተት አርቢዎች ዘንድ የተለመደውን የሆልስታይን ፍሪዥያን ድቅል ታሳቢ ያደረገ ነው።

ታጥባና ተቦርሻም ጠጉሯ ሻካራና የቆመ ከሆነ

በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የውስጥ ጥገኛ ትል ነው። የታችኛው የዓይን ቆብ ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ከነጣ፣ ከመንጋጋዋ ሥር እብጠት ካለ፣ ወይም ሆዷ ተንጠልጥሎ ጎድኗ ከተቆጠረ፣ በተለይም በረግረጋማ ቦታ የምትግጥ ከሆነ፣ የጉበት ትል ሊሆን ስለሚችል እበቷ በእንስሳት ሐኪም ይመርመር። ጊደሯ በኮርማ የተጠቃች ወይም በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች እንደሆነ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት ሲሰጥ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና። ከሕክምናው በኋላ ጤናማ ጠጉር እስኪያድግ ሳምንታት ስለሚወስድ በዋዜማው መድኃኒት መስጠት ለመልኳ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ትል ካልተገኘ አንገቷና የጅራቷ ሥር ጠጉሩ እየተከፈለ ለቅማልና ለመዥገር ይፈተሽ።

ጥቁሩ ጠጉር ወደ ቀይ ቡናማ ካደላ

የደበዘዘው ጀርባዋ ብቻ ሆኖ የጠጉሩ ሥር ጥቁር ከሆነ መንስኤው ፀሐይ ነው፤ ቀን ቀን ጥላ ሥር ማዋል ይበቃል። ጠጉሩ ከሥሩ ጀምሮ ከደበዘዘና በዓይኗ ዙሪያ ሳስቶ መነጽር ያጠለቀች ካስመሰላት ግን፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ባሉ ከብቶች ላይ የሚታወቀው የመዳብ እጥረት ሊሆን ይችላል። መፍትሄው መዳብ ያለበት የማዕድን ድብልቅ ሲሆን፣ መዳብ በጉበት ውስጥ ስለሚከማች መጠኑን ባለሙያ መወሰን አለበት። በጎች በመዳብ በቀላሉ ስለሚመረዙ ለከብት የተዘጋጀውን ማዕድን እንዲልሱ መፍቀድ አይገባም። ጠጉሩን ቀለም መቀባት የሚመክሩ አሉ፤ እጥረቱን ከመሸፈን በቀር የሚያስገኘው ነገር አይታየኝም።

ፎረፎር ከበዛ

ብዙውን ጊዜ ሳሙናው በደንብ አልታጠበም፣ ወይም የልብስ ሳሙና ዱቄት የቆዳዋን ቅባት ጨርሶታል። ለስላሳ ሳሙና ተጠቅሞ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ፣ በደጋ አካባቢም ከምሽቱ ብርድ በፊት እንድትደርቅ ጠዋት ማጠብ ይገባል። በየዕለቱ መቦረሽ ቅባቱን በጠጉሩ ላይ ስለሚያዳርስ ከተደጋጋሚ እጥበት የተሻለ ነው።

በዓይኗ ዙሪያና በአንገቷ ላይ ክብ፣ አመድማ ቅርፊት ከታየ

ይህ ወደ ሌሎች ከብቶችም ወደ ሰውም የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ፣ ማለትም ጭርት ነው። ጊደሯ ከቤት አትውጣ፤ ብሩሿና ገመዷ ለብቻ ይሁኑ፣ የሚነካትም ሰው ጓንት ያድርግ። ቆዳዋ ላይ ጠጣር እብጠቶች ከወጡ፣ ወይም ለሃጯ እየተዝረበረበ ካነከሰች፣ የቆዳ እብጠት በሽታ ወይም አፍማዝ (የአፍና የእግር በሽታ) ሊሆን ስለሚችል መኪና ላይ ከመጫን በፊት ሐኪም መጠራት አለበት።

ገመዱ ሲሳብ እግሯን ተክላ ከቆመች

መንስኤው ልምምዱ ዘግይቶ መጀመሩ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ እርምጃ ስትራመድም ገመዱ እንደተወጠረ መቆየቱ ነው፤ መታዘዟ ምንም ካላቀለላት ልትታዘዝ አትችልም። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጭንቅላቷ ላይ በሚታሰር የራስ ገመድ ማለማመድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው እየጠበቃት ለአጭር ጊዜ በጠንካራ ምሰሶ ላይ በጭንቅላቷ ከፍታ ልክ ማሰር፣ ከዚያም ወደ ውሃዋ ወይም ወደ መኖዋ እየመሩ በተራመደች ቁጥር ወዲያውኑ ገመዱን ማላላት ያስፈልጋል። ገመድ በእጅ ላይ መጠቅለል ጣት ያስቆርጣል። ሕዝብና ድምጽ የሚያስደነግጣት ከሆነ በበረቱ ውስጥ ራዲዮ ከፍቶ መተው የሚናቅ ዘዴ አይደለም።

በማሳያው ቦታ ውሃ አልጠጣም ካለችና ጎኗ ከጎደለ

የቧንቧ ውሃ የክሎሪን ሽታ እንግዳ ይሆንባታል። በመጨረሻው ሳምንት የቤቱን ውሃ በጥቂት ሞላሰስ ማስለመድና በዚያም በራሷ ባልዲ እንዲሁ ማጠጣት ሽታውን ይሸፍነዋል። ጎኗን ለመሙላት ሲባል ፋጉሎ (የቅባት እህል ተረፈ መኖ) በድንገት መጨመር ግን ተቅማጥ ሊያስከትል ስለሚችል ድርቆሽ እንደልቧ ይቅረብላት።

ካነከሰች ወይም ጠጉሯ ላይ የመቁረጫ መስመር ከቀረ

ሰኮና በዋዜማው ሲከረከም ያማል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ይከርከም። የመቁረጫ መስመር የሚቀረው ጠጉሩ ቆሻሻ ወይም እርጥብ ሆኖ ሲቆረጥ፣ አልያም ምላጩ ሲደንዝ ነው። ታጥባ ከደረቀች በኋላ ዘይት በተቀባ ስለታም ምላጭ፣ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ መቁረጥ መስመሩ በአዲስ ጠጉር እንዲሸፈን ጊዜ ይሰጣል።