በሐራጅ የሚወጣ አሮጌ ሰዓትና የቤት ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

የሐራጁ ማስታወቂያ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ካለ፣ ዕቃው ቤትዎ ከገባ በኋላ የሚወጣው ጉድለት ሁሉ የእርስዎ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በውርስ ክፍፍል፣ በፍርድ አፈጻጸም ወይም መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ንብረቶችን ሲያስወግዱ ይወጣሉ። የትኛውም ይሁን፣ ለተጫራች በተፈቀደው የማያ ቀን ሄደው በእጅዎ ሳይነኩ ዋጋ አይስጡ። የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ትንሽ ማግኔትና ጥቁር ጨርቅ ይያዙ። ማስታወቂያው ማስያዣ በሲፒኦ ከጠየቀ ባንክ አስቀድመው ይሂዱ፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ተጫራች ሊመለስ ይችላል።

የግድግዳ ሰዓት ሲያዩ ከማሽኑ ይጀምሩ። የጀርመን ፋብሪካዎች ምልክታቸውን ብዙውን ጊዜ የማሽኑ የጀርባ ሰሌዳ ላይ ያትሙ ነበር፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ሽራምበርግ ላይ የተመሠረተው ዩንግሃንስ ለምሳሌ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ አለው። ሳጥኑ ላይ ወይም ፊቱ ላይ ያለ ስም ብቻውን አያስተማምንም። የሳጥኑ ጀርባ ላይ ሥራ የሌላቸው የብሎን ቀዳዳዎች ካዩ፣ ወይም ነጣ ብሎ የቀረው የእንጨቱ ክፍል ከማሽኑ ልክ ጋር ካልገጠመ፣ ማሽኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት ሊሠራ ይችላል፣ በቅርስ ዋጋ ግን አይገዛም።

ከዚያ ቁልፉን ይሞክሩ። ሁለት ቀዳዳ ባለው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ የመሄጃው፣ የግራው የደወሉ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ቁልፉ ምንም ሳይከብድ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ሞላው ተበጥሷል ወይም ከመያዣው ወጥቷል። አልዞር ካለ ግን አይደንግጡ፤ ሻጩ «ከልክ በላይ ተሞልቶ ተበላሸ» ቢልም ሞላ በመሙላት ብቻ አይበላሽም። ሞልቶ የቆመ ሰዓት በአብዛኛው የቆመው ዘይቱ ደርቆ ስለያዘው ነው፤ ተፈትቶ ታጥቦ እንደገና ዘይት ሲያገኝ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ተጫራች ሌላው የሚሸሸውን ዕቃ በጥሩ ዋጋ ያገኛል። ሲሞሉ ቁልፉን በድንገት አይልቀቁ። ሞላውን የሚይዘው ትንሽ ጥርስ ካለቀ ቁልፉ ተመልሶ ጣት ይሰብራል።

አሁን ባትሪውን አብርተው የጥርሶቹ ዘንጎች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ይዩ። ክብ መሆን አለባቸው። ወደ አንድ ጎን ሞላላ የሆነና ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ቅባት የያዘ ቀዳዳ ተበልቷል ማለት ነው፤ ነሐሱ ተሞልቶ በልኩ እንደገና መበሳት አለበት። እንዲህ ያለ ቀዳዳ አንድ ሁለት ቢሆን ችግር የለውም። አምስት ስድስት ከሆነ ግን የጥገናው ዋጋ ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑ በሙሉ በዘይት ርሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። የሞተር ወይም የምግብ ዘይት የተቀባ ሰዓት ለጥቂት ወራት ይሄድና አቧራውን ይዞ እንደ አሸዋ ወረቀት ዘንጉን ይፍቀዋል። የሰዓት ዘይት የሚነካው ዘንጉ የሚዞርበትን ቀዳዳ ነው፣ ጥርሶቹ ደረቅ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ አገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠቋሚው 1 ሰዓት ላይ ሆኖ ደወሉ 7 ቢመታ ብልሽት አይደለም፤ ባለቤቱ ጠቋሚውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዙሮት ደወሉ በፈረንጅ ቀርቶ ነው። በአብዛኞቹ ሰዓቶች የሰዓት ጠቋሚው ተገፍቶ የተሰካ ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ብቻ ቀስ አድርጎ ወደመታው ቁጥር ማዞር ይበቃል። የደቂቃውን ጠቋሚ ግን ወደ ኋላ አይመልሱ፣ የደወሉን ማንሻ ይጎዳል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ መሳቢያውን አውጥተው ገልብጡት። ያረጀ የዋንዛ ወይም የጽድ ሥራ ሥሩና ጀርባው ሳይላግ፣ የመጋዝ ምልክቱ እንዳለ ይቀራል። በምኒልክ ዘመን ተሠራ የተባለ ቁም ሳጥን ውስጥ መስቀል አፍ ብሎን ካገኙ፣ ብሎኑ ወይ ኋላ የተጨመረ ነው ወይ ዕቃው ራሱ አዲስ ነው፤ እንዲህ ያለው ብሎን ለገበያ የበቃው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጀርባው ኮምፔርሳቶ ከሆነም ቢያንስ ያ ክፍል ተለውጧል። ክብ ጠረጴዛን በሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለኩ። እንጨት የሚኮማተረው በስፋቱ ስለሆነ፣ ከአንድ ሳንቃ ወይም ከተጋጠሙ ሳንቃዎች የተሠራ አሮጌ ጠረጴዛ በእንጨቱ ጭረት አግድም ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሳል። በሁለቱም በኩል ፍጹም እኩል ከመጣ ይጠራጠሩ።

ነቀዝ እንዳለ ለማየት ጥቁሩን ጨርቅ ከእግሩ ሥር ዘርግተው እንጨቱን በጡጫ መታ መታ ያድርጉ። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ሥራ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ጠቁሮ ምንም ካልወረደ የቆየ ነው። በክረምት የሚከብድ መሳቢያ ደግሞ አይላጉት። ነሐሴ ላይ ያበጠ ዋንዛ በበጋ ይሰበሰባል፣ የተላገው ግን የካቲት ላይ ይንገዳገዳል።

ነሐስ የተባለውን በማግኔት ይፈትሹ፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው። በሎሚና በአመድ የተፈተገ ነሐስ ቢያብረቀርቅም የቆየ ቀለሙን አጥቷል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አብረው ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ማርትሬዛ ብር ካለ ይመዝኑት፦ 28 ግራም ገደማ ይሆናል። 1780 የሚለው ዓመት ዕድሜውን አያሳይም፣ ኋላ የታተመውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል።

መስቀል፣ ጽናጽል፣ ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ ከየት እንደመጣ በሰነድ ካልታወቀ አይጫረቱ። ጎንደር በዚህ የተጎዳች ከተማ ናት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጧል፤ ከዘረፋው መካከል የጎንደር ቁስቋም ማርያም ነው የሚባለው የወርቅ አክሊል ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

የመጨረሻ ዋጋዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ይግቡ። ለምሳሌ ሰዓቱ ቢሠራ 12,000 ብር ያወጣል ካሉ፣ የጥገናውን 4,000 እና የመጓጓዣውን 500 ቀንሰው ከ7,500 አይለፉ።

ሲያጓጉዙ ፔንዱለሙን ያውጡ። የተንጠለጠለበት ቀጭን የብረት ቅጠል በአንድ ጉድጓድ ይሰበራል። ሲሰቅሉት ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከረዘመ ሳጥኑን ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብሉ። ጀርመን ተስተካክሎ የመጣ ሰዓት ጎንደር ላይ በቀን 2 ደቂቃ ያህል ቢዘገይ አይገርምም፤ ወደ ምድር ወገብ ቀርበን፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ስለምንኖር የመሬት ስበት ያንሳል። ፔንዱለሙ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለችውን ብሎን አዙረው ክብደቱን ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከፍ ያድርጉት፤ አንድ ቀን ጠብቀው እንደገና ይለኩ።