ሙኒክ ሄዶ የላቲን መዝገበ ቃላት መሥራት፦ ፌሎውሽፑን እንዴት ያገኙታል?

ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረ አንድ መዝገበ ቃላት የሚሠራበት ቢሮ አለ። እስካሁን አላለቀም። ስሙ ቴሳውሩስ ሊንጉዌ ላቲኔ ነው፤ በባቫሪያ የሳይንስ አካዳሚ ሥር ይሠራል። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1900 ሲሆን «ፒ» ፊደል ያለቀው በ2010 ነው። አሁን የተያዘው «ኤን» እና «አር» ነው። 2050 አካባቢ ያልቃል የሚል ተስፋ አለ። ይህን ሰምተው «ምን ያስቸኩላል?» ካሉ ማንበብዎን ይቀጥሉ። «ኧረ በስማም!» ካሉ ግን ሥራው ለእርስዎ አይመስለኝም።

እዚህ ቢሮ አንድ ዓመት ተቀምጦ ለመሥራት ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ የአሜሪካው ፌሎውሽፕ (ለተመራማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ነው። ውድድሩን የሚያካሂደው ሶሳይቲ ፎር ክላሲካል ስተዲስ የተባለው ማኅበር ነው። ገንዘቡ ከ1984 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የመጣው ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ ሂዩማኒቲስ ከተባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ነው። የገንዘቡ መጠንና ቀነ ገደቡ ስለሚለዋወጥ የዓመቱን ማስታወቂያ ከማኅበሩ ድረ ገጽ ያንብቡ፤ ያምናውን አይመኑ። ውድድሩ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ፣ በክላሲክስ (በጥንታዊ ግሪክና ሮማ ጥናት) ወይም በተቀራራቢ ሙያ ዶክትሬት ላላቸው ተመራማሪዎች የታሰበ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ተመራማሪዎችን የሚደግፈውን የጀርመኑን የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን ይመልከት። እሱ ዜግነት አይመርጥም፤ ግን ጀርመን ውስጥ የሚቀበልዎ ምሁር አስቀድመው ማግኘት አለብዎ።

ከማመልከቻው በፊት ግን ሥራውን ራሱን ይቅመሱት። የታተመው መዝገበ ቃላት አብዛኛው ክፍል በአካዳሚው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። አንድ ቃል ይምረጡና ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። እኔ «ማኑስ»ን እመክራለሁ።

ማኑስ እጅ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ይሠራው ነበር። ግን የወታደር ጓድም ማኑስ ይባላል። የሰው የእጅ ጽሑፍም ማኑስ ነው። በሮማ ሕግ ባል በሚስቱ ላይ ያለው ሥልጣንም ማኑስ ነው። የጠላትን መርከብ ይዞ የሚያስቀረው መንጠቆ «የብረት እጅ» ይባላል። የሮማው ጸሐፊ ሲሴሮ ለዝሆን እጅ ተሰጥቶታል ሲል ደግሞ ኩምቢውን ማለቱ ነው። «ማኑስ ዳሬ» ቃል በቃል እጅ መስጠት ነው፤ ትርጉሙስ? እጅ መስጠት! መሸነፍ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

አሁን እነዚህን ሁሉ የያዙ፣ ጥቅስ የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ጠረጴዛዎ ላይ ተቆልለዋል እንበል። የባልየው ሥልጣን ከየትኛው ክምር ይገባል? አካል ከሆነው እጅ ጋር ነው ወይስ ለብቻው? «እጅ መስጠት»ስ? መጀመሪያ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን እንደገና ይከፍሉታል፤ እንዲህ እያሉ ይወርዳሉ። እያንዳንዱን ክፍፍል «ለምን?» ለሚል ሰው ማስረዳት መቻል አለብዎ። ሥራው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ቢሮው ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ትንንሽ ወረቀቶች በሳጥን ተደርድረዋል። እስከ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከተጻፈው እያንዳንዱ ቃል ተሰብስቧል፤ ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. እስከ 600 ገደማ ያለው ተመርጦ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ቨርጂልንና ሲሴሮን ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግራ ይገባዋል። ዛሬ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ፣ ነገ የበቅሎ ሐኪም መድኃኒት፣ ከነገ ወዲያ የአንድ ጳጳስ ስብከት ይገጥመዋል። የሮማ ሕግ፣ የጥንት ሕክምና፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ የክርስቲያን ላቲን ወይም ከላቲን የተወለዱትን ቋንቋዎች የሚያውቅ አመልካች ተፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለዎት ማመልከቻዎ ላይ አጉልተው ያውጡት። ግሪክኛም ያስፈልጋል። ጀርመንኛ ደግሞ ለቢሮ ወሬም ለቤት ኪራይም ይጠቅማልና ከመሄድዎ ወራት ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ወደ ማመልከቻው ደብዳቤ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ላቲንን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ» ብለው አይጀምሩ። አመልካቹ ሁሉ ይወዳል፤ ባይወድ ምን ሊያደርግ አመለከተ? ይልቅ የመመረቂያ ጥናትዎን ሲጽፉ ያስቸገረዎትን አንድ ቃል ያንሱ። ስንት ቦታ ፈለጉት? ያሉት መዝገበ ቃላት ምን አሉ? እርስዎ የት ላይ አልተስማሙም? አንድ አንቀጽ ይበቃል። አንባቢው ወረቀት ሲለዩ ያየዎታል። ቀጥሎ ያ ዓመት ለምርምርዎና ለማስተማር ሥራዎ ምን እንደሚጨምር ይጻፉ። ድጋፍ የሚጽፍልዎም ዝነኛው ፕሮፌሰር ሳይሆን ሥራዎን ተቀምጦ ያረመው ሰው ይሁን። ዝነኛው ሦስት መስመር ጽፎ ይገላገላል።

ካለፉ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ቤት ፍለጋው ግን ዛሬውኑ ይጀመር። የሙኒክ ኪራይ እሳት ነው። ቤት ሲያገኙ አከራዩ መግባትዎን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ከገቡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ የከተማው መዝጋቢ ቢሮ ሄደው አድራሻዎን ሲያስመዘግቡ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ ገብቶ በ90 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። የጤና መድንዎን ግን ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ።

ከዚያ በኋላ ቃል ይሰጥዎታል። ረጅሙ ቃል ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ትንሽ ቃል ቢደርስዎ አይከፋዎ። ወረቀቶቹን በዘመን ቅደም ተከተል ያንብቡ። ከመመደብዎ በፊት እያንዳንዱን ጥቅስ ከታተመው ሙሉ ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ቁራጭ አንዳንዴ ያሳስታል። የመጀመሪያው ክፍፍልዎ ሳይፈርስ አይቀርም። ይፍረስ፤ ወረቀቶቹን ሰብስበው እንደገና ይደርድሩ። ሲበቃዎ ይጽፉታል፤ የሚጻፈውም በላቲን ነው። አርታኢው አንብቦ፣ ሠርዞ፣ ጠይቆ ይመልስልዎታል። ታትሞ ሲወጣ ምናልባት እርስዎ ከሙኒክ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ግን ስምዎ ይኖራል።