የእሽቅድምድም ቀበቶ ስታስር ማዕዘኑን አትርሳ

ቀዩ ቀበቶ ያምራል፣ አልካድም። ግን ቀበቶው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጥንካሬው ከታሰረበት ቦታ አይበልጥም።

ከትከሻው እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። ሁለቱን ማሰሪያ ወደ ኋላ ወለል ስቦ በኋላ ወንበር ቀበቶ ቀዳዳ ያስራቸዋል፤ ቀዳዳው አለ፣ ብሎኑም አለ፣ በአስር ደቂቃ አለቀ! መኪናው ሲጋጭ ግን ደረትህ ወደፊት ይወረወራል፣ ቁልቁል የተሳበው ቀበቶም ትከሻህን ወደ ታች ይጫናል፤ ያን ሁሉ ጫና የሚሸከመው አከርካሪህ ነው። ማሰሪያው ከትከሻህ ወደ ኋላ አግድም ይሂድ፣ ዝቅ ቢል እስከ 20 ዲግሪ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ለማሰር የሚሆንህ ሮል ኬጁ (መኪናው ሲገለበጥ ውስጡን የሚጠብቀው የብረት ቧንቧ ቀፎ) ላይ የተበየደው አግድም ቧንቧ ነው። ማሰሪያውን በቧንቧው ዙሪያ ጠምጥመህ ጫፉን በማያያዣው ብረት መልሰህ አሳልፈው፣ ማያያዣው ከቧንቧው ይጠጋ፣ ጫፉም 10 ሴንቲ ያህል ይትረፍ።

የወገቡ ሆድ ላይ አይደለም የሚያርፈው፣ ዳሌ አጥንት ላይ ነው። ቀጥ ብለህ የምትቀመጥ ከሆነ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ወደ ታች ይሳብ። የትከሻውን ስታጠብቅ የወገቡ ወደ ሆድህ መውጣቱ አይቀርም፤ በእግር መሀል የሚያልፈው ማሰሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፣ አትተወው። ስታስር መጀመሪያ የወገቡን ጥብቅ አድርግ፣ ከዚያ የትከሻውን።

ወለል ላይ የምታስር ከሆነ ብሎኑን ላሜራው ላይ ብቻ አትመን፣ ቀዶት ይወጣል። ከስር ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 40 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የብረት ሰሌዳ ይግባበት፤ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አካል የኤፍአይኤ ደንብ የሚለው ይህንኑ ነው። ሮንዴላ ይበቃል የሚልህን ባለጋራዥ አትስማ።

ማሰሪያው በሚሳብበት አቅጣጫ ቀጥ ይበል፣ የወንበሩን ጠርዝም አይፈግፍግ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት ዴይቶና በተባለው ውድድር ላይ ሲሞት የግራ ወገብ ማሰሪያው ተበጥሶ ተገኝቷል፤ የውድድሩ አዘጋጅ ናስካር ያስጠናው ምርመራ እንደሚለው ጨርቁ ማስተካከያው ውስጥ ወደ አንድ ጠርዝ ተሰብስቦ ነበር።

አሮጌ ቀበቶ ስትገዛ መለያውን አንብብ። የኤስኤፍአይ (የእሽቅድምድም ዕቃ ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) መለያ ያለው ቀበቶ ከተመረተ 2 ዓመት ነው ዕድሜው። ግጭት ያየ ከሆነ ደግሞ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ሮል ኬጅ ከሌለህስ? የእሽቅድምድም ቀበቶውን ተወው። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ይደፈጠጣል፣ የፋብሪካው ቀበቶ ወደ ጎን እንድታዘነብል ይለቅሃል፣ ይሄኛው ግን ቀጥ አድርጎ ከጣሪያው ስር ይይዝሃል።